ለፓፓ ፊፊ ቀብር የተለቀመው ካሴት

ኤኩዋ ኳንሳ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ ነበረች። የእንቅርት ኦፕሬሽን ካደረገች በኋላ ግን ያ የሚያምር ድምፅዋ ሄደ፤ ስታወራ እንኳ የሚወጣት ሻካራ ሹክሹክታ ነው። ከሰው ተደብቃ ብዙ ጊዜ ተቀመጠች። በመጨረሻ ወንድሟ ሁለት ቴፕ አመጣላትና እዚህ ጋና፣ ሴኮንዲ ከተማ ዓሣ ገበያ ጥግ፣ እኔ ኬንኬ የምንለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅል ከምሸጥበት አጠገብ፣ ኪዮስክ ከፈተች። ከየካሴቱ ዘፈን እየለቀመች ባንድ ካሴት ትቀዳለች። ለሹፌሩ የኮንጎ ጊታር፣ ለሙሽራው ሃይላይፍ የምንለው የአገራችን የዳንስ ሙዚቃ፣ ለአራሷ ለስለስ ያለ መዝሙር። እሷ ስትለቅመው አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲጀምር እንደ ጎረቤት ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል።

ጀልባ ሠሪው ፓፓ ፊፊ የሞቱ ጊዜ ትልቋ ልጃቸው ማንሳ መጣች።

“መዝሙር ብቻ ቅጂልኝ። ሃይላይፍ የሚባል ነገር እንዳልሰማ፤ ምእመናኑ ይታዘቡናል።”

እሷ ዞር ከማለቷ ታናሽየዋ አራባ ደረሰች። አራባ ጊታር መቺ ካገባች ወዲህ እህትማማቾቹ ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

“አባቴ ዳንሰኛ ነበር። በአሜን ብቻ ሊሸኝ ነው እንዴ?”

ኤኩዋ ለሁለቱም “እሺ” አለች።

“አንቺ ሴትዮ፣ በድንጋይ ልታስወግሪን ነው?” አልኳት።

“ሟቹ አንድ ሰው ናቸው፤ ካሴቱም አንድ ነው” አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ለቀስተኛው ጥቁርና ቀይ ለብሶ እንደተቀመጠ፣ ካሴቱ በመዝሙር ጀመረ። ማንሳ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። መዝሙሩ ሲያልቅ የቀዛፊዎች ዘፈን ገባ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ከኋላ ተቀበሉት። ከዚያ ሃይላይፍ! ማንሳ ብድግ ብላ ወደ ቴፑ ገሰገሰች። ጣቷን ማጥፊያው ላይ እንዳሳረፈች አራባ ደረሰችባት።

“እታለም፣ ተዪው እስቲ። የሚቀጥለው ያንቺ ነው።”

“በምን አወቅሽ?”

“ኤኩዋን ጠየቅኋት። እናታችን ትዘምረው የነበረው ነው አለችኝ።”

ማንሳ እጇን አላነሳችም፤ አላጠፋችም። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቁ። አጎታቸው ምርኩዛቸውን ጥለው ሲጨፍሩ አራባ ሳቀች፤ ማንሳም አፏን በልብሷ ጫፍ ሸፈነች። የእናታቸው መዝሙር ሲገባ ግን ማንሳ ማልቀስ ጀመረች፤ አራባም ደግፋ አስቀመጠቻት።

ሰኞ ማንሳ ኪዮስኩ ድረስ መጥታ ኤኩዋ ላይ ጮኸች። “አታለልሽኝ! መዝሙሩ ያንሳል!”

“እንግዲያው ምን ላድርግልሽ?” አለች ኤኩዋ በዚያች ሹክሹክታዋ።

ማንሳ ወዲያ ወዲህ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ሁለት ቅጂልኝ። አንዱ ለአራባ ነው፤ እኔ ራሴ አደርስላታለሁ።”