የአያቴ የመልስ ደብዳቤዎች

አያቴ በጋይንት የታወቁ መሪጌታ ነበሩ። ከስማዳና ከእስቴ «መጥተው ለሕዝቡ ንግግር ያድርጉልን» የሚል ደብዳቤ ይደርሳቸው ነበር። ዓይናቸው ስለ ደከመ የማነብላቸውም፣ ቃላቸውን ተቀብዬ መልሱን የምጽፈውም እኔ ነበርኩ። በአጨዳና በውቂያ ወራት ከጠሯቸው ግን ሁልጊዜ እንቢ ይሉ ነበር።

አንድ ኅዳር በስማዳ የወገዳ ከተማ ሹም ሳይቀሩ እንዲመጡ አጥብቀው ጻፉ።

«ጻፊ» አሉኝ አያቴ። «እርስዎ አውድማ የለዎትም፤ ሰሚዎቼ ግን አላቸው። ከአስተርእዮ በኋላ እመጣለሁ።»

ብዕሬን ከወረቀቱ አነሳሁ። «አባባ፣ ቢቆጡብዎስ?»

«ይቆጡ። እህሉን ዝናብ ቢመታው የእኔ ንግግር አያደርቀውም።»

ሹሙ ከወር በኋላ ቀኑን ለወጡ። በየካቲት ከአያቴ ጋር ወገዳ ወረድኩ። ገበሬው ሜዳውን ሞልቶ ተቀምጦ ነበር፤ ሲጨርሱም «ይጨምሩልን!» አላቸው።

በአያቴ የአርባ ተዝካር ማግስት ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ሌላ ጥሪ መጣ፤ ጠሪዎቹ ማረፋቸውን አልሰሙም ነበር። ወረቀት ይዤ ባዶው መደባቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። እሳቸው እስኪናገሩ የምጠብቅ ይመስል ብቆይ ቀለሙ ብዕሬ ላይ ደረቀ። ከዚያ «አያቴ አርፈዋል» ብዬ ጻፍኩ። በራሴ ቃል የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ነው።