ወርቄን ወደ ያቭኔ ስወስዳት

ጠዋት፣ ቂርያት ማላኪ

ዛሬ እህቴን ታቅፌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እህቴ ወርቄ፣ ቤተሰቤ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲመጣ፣ መንገድ ላይ በረሃብ የሞተችው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ፎቶ የላትም። ያለችን እናቴ ከጭቃ የሠራቻት ከስንዝር የማትበልጥ ምስል ናት። በእሳት ስላልተተኮሰች መፈርፈር ጀምራለች፤ ሰሞኑን አንድ ጆሮዋ ረገፈ። እናቴ ደግሞ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላ መሥራት አትችልም። ያቭኔ የሸክላ መተኮሻ ምድጃ ያላት ሸክላ ሠሪ አለች ሲሉኝ ለእማዬ ሳልነግር በፎጣ ጠቅልያት ወጣሁ።

ወይ ሹፌር! ፍሬን በያዘ ቁጥር ነፍሴ ትወጣ ነበር። ብርቱካኑን፣ ሜዳውን፣ ምኑንም አላየሁም።

"ምንድን ነው ልጄ እንዲህ የታቀፍሽው?" አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡ እናት።

እህቴ ናት ብል አበደች ይሉኛል። "እንቁላል ነው፣ እማማ።"

"እንቁላልማ ገዴራም ይሸጣል!" ብለው ሳቁብኝ።

ገዴራ

ሸክላ ሠሪዋን የምታውቃት አክስቴ ጥሩነሽ ናት። ፌርማታው ላይ ሳምቡሳ የመሰለ ቡሬካስ ገዝታ ጠበቀችኝ፤ እኔ ግን ከጭንቀቴ የተነሳ አልወረደልኝም። ፎጣውን ገለጥ አድርጋ አየችና እንባዋ መጣ።

"ውይ የኔ ልጅ! ስታኮርፍ አንገቷን ልክ እንዲህ ዘንበል ታደርግ ነበር።"

እኔ እስከ ዛሬ አንገቷ ሲሠራ የተጣመመ ይመስለኝ ነበር። "ያላ፣ እንሂድ" አለች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ።

ያቭኔ

ሸክላ ሠሪዋ ይታይሽ ምስሏን ገለባበጠቻት፤ ከሥሯም በመርፌ ወጋ አደረገቻት።

"ድፍን ናት እኮ! እሳት ካየች ትፈነዳለች። ከሥር ፈልፍዬ ሆዷን ባዶ ላድርገው፣ ከላይ አይታወቅም። ጥሩነሽ እናትሽ አገር ቤት ሸክላ ሠሪ ነበረች አላለችኝም እንዴ? ይህን እንዴት ረሳችው?"

ክው አልኩ። እማዬ መርሳት ጀመረች ማለት ነው? ወዲያው ደውዬ ሆዷን ባዶ ማድረግ ረስታ እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ምን እረሳለሁ!" አለች ተቆጥታ። "ልጄ ሆዷ ባዶ እንደሆነ ነው የሞተችው። አውቄ ነው የሞላሁት። አትንኳት፣ ይዘሻት ነይ።"

ይታይሽ ቢላዋዋን አስቀመጠች። እርጥብ ጭቃ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ።

ማታ፣ ቤት

እማዬ ወርቄን ተቀብላ ሳመቻት።

"ብትሰበርስ፣ እማዬ?" አልኳት።

"አንቺ እጅ የለሽም? ጭቃውን አምጪው።"

እሳት ፍለጋ ሄጄ የአንገቷንና የሆዷን ነገር አውቄ ተመለስኩ። ለካ ይህን ሳላውቅ ነው ስጠብቃት የኖርኩት። በእርጥቡ ጭቃ ሌላ ወርቄ መሥራት ጀመርኩ። አንገቷን ዘንበል አደረግኩት፤ ሆዷን በጭቃ ጠቅጠቅ አድርጌ እማዬን ቀና ብዬ አየኋት።

"ይበቃል?"

"ኧረ ጨምሪላት" አለችኝ። "ጨምሪላት፣ ልጄ።"