የዓለምጌጥ ገዢ

ባሕር ማዶ፣ ቪከሪ ሜዶ በሚባለው ሰፈር ካሉት ሐበሾች መካከል ለአገረ ገዢው ቅስቀሳ የወጣችው ዓለምጌጥ ብቻ ናት። ሰውዬው ዳግመኛ ለመመረጥ ከተቀናቃኙ ጋር አንገት ለአንገት ተናንቋል። እሷ የምትሠራበት ኧርቪንግ ከተማ ያለው ሆቴል ውስጥ አንድ ቀን አድሮ ነበር። አንሶላ ተሸክማ ኮሪደር ላይ ሲያገኛት «ታንክ ዩ፣ ዓለም» አላት። ከዚያ ወዲህ ክፉውን ብትሰማ አታምንም።

«አንቺ ሞኝ! ስምሽን ደረትሽ ላይ ለጥፈሽለት ነው እኮ ያነበበው!» ብላ ሳቀችባት ተዋበች። ተዋበች ጎረቤቷ ናት፤ ጠዋት ጠዋት በመኪናዋ ሥራ ቦታ የምታደርሳትም እሷው ናት። ከእሷ ሌላ ወዳጅ የላትም።

ቅዳሜ ከሰዓት ከቅስቀሳው ቢሮ ናኦሚ አብራት ቤት ለቤት ልትቀሰቅስ መጣች። እዚሁ ያደገች፣ ዴንተን ከተማ ኮሌጅ የምትማር ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ገና አልጠናም። በዚያው ሰሞን ደግሞ የሚኖሩበት የአፓርታማ ግቢ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ተከራዩን ሁሉ እንቅልፍ ነስቶ ነበር።

መጀመሪያ የጎረቤቷን የስምዖንን በር አንኳኩ።

«ሃይ! እኛ ከገዢው ነን» አለች ናኦሚ። «ገዢው፣ ማለቴ፣ እዚህ እንዲቆይ ሰፖርት አድርጉት።»

ስምዖን ዓለምጌጥን ከላይ እስከ ታች አያት። «ለካ ገዢውን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ!» በሩን ፊቷ ላይ ድርግም አደረገው።

ዓለምጌጥ የፖለቲካ ጥላቻ መስሏት ወደሚቀጥለው በር አለፈች። ከዚያ በኋላ የከፈተላቸው ሰው የለም። ወሬው ቀድሟቸው ኖሮ ደረጃውን ሲወርዱ ሰዉ ግቢውን ሞልቶ ጠበቃቸው። ከፊት የቆመችው ተዋበች ናት።

«ልጆቼን ሜዳ ላይ ልታስበትኚ? ቤታችንን የሚገዛው ሰውዬ ምን ቢሰጥሽ ነው?»

ያን ጊዜ ገባት። «ኧረ በማርያም! የቤቱ ገዢ አይደለም! አገረ ገዢው ነው፣ የምርጫው!»

ከወደ ኋላ አዛውንቱ ተከራይ ጋሽ ይርጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ታዲያ በምን ይሻላል? የቤቱስ ገዢ ከፍሎ ነው የሚገዛ። ያንቺው ሳይከፍል ይገዛናል።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሳቁ እንደ ድንጋይ ወረደባት፤ ዓለምጌጥ ፊቷን በእጇ ከለለች። ናኦሚ ነገሩ ስላልገባት አብራ ፈገግ አለች።

ሰኞ ጠዋት ተዋበች የመኪናዋን መስኮት ዝቅ አደረገች፤ በሩን ግን አልከፈተችም።

«ስለ ቤቱ የተናገርኩት ስሕተት ነው፤ ይቅር በዪኝ። ሶ፣ አሁን ያንን ሰውዬ ተውኩት በዪና ግቢ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ።»

«እሱንስ?»

«እሱን አልተውም።»

«እንግዲያው ያውልሽ ባቡሩ። እሱ ራሱ መጥቶ ያድርስሽ!»

«እግር አለኝ» አለች ዓለምጌጥ። ወደ ባቡር ጣቢያው መንገድ ጀመረች። ተዋበች በአጠገቧ ስታልፍ አንዳቸውም ዞር ብለው አልተያዩም።