መጀመሪያ የሚወጣ የጠፋበት ቡድን

ሲጥ… ሲጥ… ሲጥ። የላስቲክ ሶል ጫማ በሰም በተወለወለ ጣውላ ላይ ሲሮጥ ቆይቶ ድንገት ሲቆም የሚያሰማው ድምፅ ነው። ጋሼ መርፌ ይህን ድምፅ መጀመሪያ የሰሙት ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት፣ ከቅርጫት ኳስ ቡድኑ ሥራ ሊጠይቁ በመጡበት ማለዳ ነበር። ጨዋታውን አይተውት አያውቁምና አዳራሹን አይጥ የወረረው መሰላቸው። «ወጥመድ የላችሁም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። የቡድኑ ጸሐፊ ከት ብሎ ሳቀና «ለዕቃ የሚቆረቆር ሰው አገኘን» ብሎ በዚያው ዕለት ትጥቅ ያዥ አድርጎ ቀጠራቸው።

ትጥቅ ያዥ ማለት ማልያ የሚያጥብ፣ ካልሲ የሚያጣምር፣ ጫማ የሚያደርቅ፣ የተቀደደውን የሚጥፍ ሰው ነው። እናትና አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር። ነገር ግን ሰውነታቸው እንደ ስንደዶ የቀጠነ በመሆኑ፣ ከኮታቸው ደረት ላይም ክር የገባበት መርፌ ስለማይጠፋ «ጋሼ መርፌ» ተብለው ቀሩ።

ግዛታቸው ከአዳራሹ ጎን ያለችው የልብስ መቀየሪያ ክፍል ነበረች። ዙሪያዋን የእንጨት አግዳሚ ወንበር፣ ከወንበሩ በላይ የልብስ መስቀያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ያረጀ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አላት። ማሽኑ ሲሽከረከር እየዘለለ ወደ በሩ ይጓዛል፤ በወር አንድ ክንድ ያህል ይሄዳል። ጋሼ መርፌ በየወሩ መጨረሻ እየገፉ ወደ ቦታው ይመልሱትና «ከዚህ ቡድን ወደፊት የሚሄድ አንተን ብቻ አየሁ» ይሉታል።

እውነታቸውን ነው። ቡድኑ የከርሞ ጥጃ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል ደካማ ስለነበረ ይሸነፋል፤ ይህ ማንንም አያስገርምም። ተጫዋቾቹ ከሥራ በኋላ እየሮጡ የሚመጡ አናጢዎችና አስተማሪዎች ነበሩ፤ በሥርዓት ይሸነፋሉ፣ በሥርዓት ይታጠባሉ፣ ካልሲያቸውንም ጥንድ ጥንዱን አጣምረው ይመልሳሉ። ጋሼ መርፌ ያንን ዘመን ሲያስታውሱ ዓይናቸው ይቀላል። የሚገርመው ከዚያ ወዲያ የመጣው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሲሚንቶ ነጋዴ የቡድኑን የሊቀመንበርነት ወንበር ያዘና ከየቦታው አምስት አንደኛ ተጫዋቾች ሰበሰበ። እንደ ዛፍ የረዘመው ዝግባ፣ ሩጫው ዓይን የማይይዘው መብረቅ፣ ኳሷን ከቅርጫቱ ጠርዝ ሳያስነካ የሚያገባው ሐር እጅ፣ እንዲሁም እናታቸው እንኳ በማልያ ቁጥር የምትለያቸው ሁለት መንታዎች። ከተማው ሁሉ ዋንጫው የሚቀመጥበትን መደርደሪያ ለመሥራት ተሯሯጠ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እዚህ ግን አምስቱም አንበሳ ሆኑና ድር የሚሆን ጠፋ።

በመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ጋሼ መርፌ በሩን ከፍተው ቆመው ሳለ ሐር እጅ ከመብረቅ ፊት ቆም አለና፣ «ቅደም» አለው።

«ኧረ አንተ ቅደም።»

«የለም፣ በሞቴ፣ አንተ ቅደም።»

አምስቱም እንዲህ ሲገባበዙ ጋሼ መርፌ እንባ ቀረሽ ሆኑ። ማታ ቤታቸው ገብተው ልብስ ሰፊ ለሆነችው ባለቤታቸው፣ «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች መሰሉሽ! አንዱ ካንዱ ፊት አልሄድም ብሎ ሩብ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው በር ላይ ቆሙ» ብለው አጫወቷት።

ባለቤታቸው የልብስ ስፌት መኪናዋን እንደ ጨበጠች ቀና ብላ አየቻቸው። «ታዲያ ጨዋታው መቼ ተጀመረ?» አለች።

ነገሩ ጨዋነት አልነበረም። ተጫዋች በበሩ ወደ አዳራሹ ሲወጣ አስተዋዋቂው ስሙን ይጠራል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። መጀመሪያ ለሚወጣው በጥቂቱ፣ ለሁለተኛው በርከት ተደርጎ ነው የሚጨበጨበው። መጨረሻ ለሚወጣው ግን መብራቱ ሁሉ ይዞርለታል፤ አዳራሹ በጩኸት ይናጋል። እናም አምስቱም መጨረሻ መውጣት ፈለጉ። ይህንንም ማንም ለማንም አልተናገረም፤ ብቻ «አንተ ቅደም» ይባባላሉ።

በሽታው ከበሩ አልፎ ተዛመተ። አውቶቡስ ላይ መጨረሻ የሚሳፈረውን ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀዋልና አምስቱም መሬት ላይ ይቀራሉ። አንድ ቀን ሾፌሩ ተናዶ ባዶውን ሄደ፤ አምስቱ በአምስት ታክሲ ተከተሉት፤ ታክሲዎቹም በየመስቀለኛው መንገድ እየቆሙ በመስኮት «እለፍ!» «አንተ እለፍ!» ሲባባሉ ዋሉ። ሊቀመንበሩ በሩ ጠቦ ነው ብሎ ግንበኛ አስመጣና አምስት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ አድርጎ አሰፋው። እነሱም ጎን ለጎን ተሰለፉና የበሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ አምስቱም በአንድ ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ዕጣ ይውጣ ተባለ፤ አምስተኛውን ዕጣ ያነሳው ዳነ፣ አራቱን ሆዳቸውን ቆረጣቸው።

ተቀያሪ ተጫዋቾች የሉም ወይ የሚል ይኖራል። አሉ፤ ከአሰልጣኙ ጋር ሜዳ ዳር ቀድመው ይቀመጣሉ። ነገር ግን አሰልጣኙ ከአምስቱ አንዱን ትቶ ተቀያሪ ማስገባት አይደፍርም። ከእሱ በፊት የደፈሩ ስድስት አሰልጣኞች ዛሬ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም፤ አንደኛው ብቻ ጫማ መደብር ውስጥ ለሰው ጫማ ሲለካ ታይቷል።

የጨዋታው ሕግ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። አምስት ተጫዋች በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሜዳ ላይ ካልቆመ ቡድኑ ተሸናፊ ነው። አራት ዓመት ያህል በአሥራ አራተኛው ደቂቃ እየወጡ ሰውነታቸውን ሳያሟሙቁ ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ዘግይተውም ቢሆን በችሎታቸው እያሸነፉ ለፍጻሜ ደርሰው፣ በፍጻሜው ግን ኳሷን ሳይነኩ፣ ክፍሉ ውስጥ ሲገባበዙ ተሸነፉ።

ሊቀመንበሩ የሽንፈት መንስኤ አጥኚ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው የአዳራሹን አየር መረመረ፣ የኳሷን ክብደት መዘነ፣ የማልያውን ቀለም ከሌሎች ቡድኖች ቀለም ጋር አነጻጸረ። በመጨረሻም አምስቱን ተጫዋቾች አንድ በአንድ ጠርቶ «ለምን ትዘገያላችሁ?» ሲል ጠየቀ። መጨረሻ መውጣት ስለምፈልግ ነው የሚል አንደበት ከየት ይምጣ? አንዱ «ካልሲ ቶሎ አይታደልም» አለ። የቀሩት አራቱም ካልሲ ካልሲ አሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ጋሼ መርፌ ጡረታቸው ሊደርስ አራት ወር ሲቀረው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ቡድኑ በዘንድሮው የፍጻሜ ጨዋታ ሕጉ በሚፈቅደው ደቂቃ ውስጥ ሜዳ ካልገባ የመዘግየቱ ምክንያት የሆኑት ትጥቅ ያዥ ያለ ጡረታ ይሰናበታሉ ይላል።

ባለቤታቸው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበች። «ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው እግር ስታለብስ ኖረህ በካልሲ ልትባረር?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ካልሲውን ከሦስት ቀን በፊት አድላቸው። ለብሰውት ይደሩ! ከዚያ በምን ያመካኛሉ?»

እንዳለችው አደረጉ። የፍጻሜው ቀን ከሰዓት በኋላ አምስቱም ሦስት ቀን የለበሱትን ካልሲ እንዳጠለቁ መጡ፤ የክፍሉ ጠረን ለብቻው አንድ ተጫዋች ሆነ። አሰልጣኙ ከበሩ ብቅ አለና «በሉ እንግዲህ፣ እንደሚመቻችሁ» ብሎ ወደ ተቀያሪዎቹ ሸሸ። ፊሽካው ተነፋ። የግድግዳው ሰዓት መቁጠር ጀመረ።

«መብረቅ፣ ቅደም እንጂ» አለ ሐር እጅ። «መብረቅ ከነጎድጓድ ይቀድማል ብለው አላስተማሩህም?»

«እኔ ጉልበቴን እያሟሟቅሁ ነው። አንተ ውጣ፣ እዚህ ቁጭ ብለህ ሐሩ እንዳይጨማደድ።»

«እኔ የምለው ታላቅ ይቅደም ነው!» አለ አንደኛው መንታ።

«ታላቁማ አንተ ነህ!» አለ ሁለተኛው። «ቀድመህ እንደ ተወለድህ እማዬ ምስክር ናት።»

«ያን ጊዜ ገፍተኸኝ ነው!»

ዝግባ ደግሞ የጫማውን ክር ይፈታል፣ ያስራል፣ ደግሞ ይፈታል። ሰባት ደቂቃ አለፈ። ስምንት አለፈ። ጋሼ መርፌ ደብዳቤውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ልጆቼ፣ እንካችሁ፣ ይህን አንብቡት። ዛሬ ከዘገያችሁ እኔ እንጀራዬን አጣለሁ።»

ደብዳቤው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አዘኑ፤ ከልባቸው አዘኑ። መብረቅ «ግዴለም ጋሼ፣ በአባቴ መጋዘን ዘበኛ አስቀጥርዎታለሁ» አለ። ሐር እጅ «ዘበኛ? አታፍርም? እኔ ሾፌሬ አደርጋቸዋለሁ» አለ። «መኪና መንዳት አልችልም እኮ» ቢሉት «እኔ እነዳለሁ፣ እርስዎ ከኋላ ይቀመጣሉ» አለ። መንታዎቹ ግማሽ ግማሽ እንጦራቸዋለን ብለው የትኛው ግማሽ የማን እንደሆነ ይጨቃጨቁ ጀመር። ከዚያ ደግሞ የማጽናኛውን መዝጊያ ቃል ማን ይናገር የሚል ነገር ተነሣ።

«አንተ ተናገር።»

«የለም፣ አንተ ጀምር፤ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ሞላ። ጋሼ መርፌ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተነሡ። ዳኛውን እግሩ ላይ ወድቀው ሁለት ደቂቃ እንዲጨምርላቸው ሊለምኑ በሰፊው በር ብቻቸውን ወጡ።

ሕዝቡ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ባዶ በር ሲያይ ቆይቷል። ከበሩ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ማን ነው ብሎ አልጠየቀም። በአንድ አፍ ጮኸ። መብራቱ ሁሉ ዞረ። አስተዋዋቂው የሚጠራው ስም ቢጠፋው «ወጣ! ወጣ! ወጣ!» እያለ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ጋሼ መርፌ በብርሃኑ መካከል ፎጣቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ቤታቸው የተቃጠለ መስሏቸው ነበር። ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን ሲያነሡ ጩኸቱ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ።

ከኋላቸው፣ ከክፍሉ ውስጥ፣ «ይህ ሁሉ ጩኸት ለማን ነው?» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ለጋሼ መርፌ!»

«ቀድሞ ለወጣ?»

ወዲያው የእግር ኮቴ ተንጋጋ። መብረቅ፣ ሐር እጅና ሁለቱ መንታዎች እየተጋፉ መጡና፣ ያ አምስት ሰው ያሳልፋል ተብሎ የሰፋው በር ለአራቱ ጠበባቸው። አንደኛው መንታ በሐር እጅ ብብት ሥር ሾልኮ ወጣ፤ የቀሩት ተከታትለው ተዘረገፉ። ሕዝቡ ግን ጮኾ ጮኾ ደክሞት ነበርና ተቀምጦ ጥቂት ብቻ አጨበጨበላቸው።

ዳኛው ቆጠረ። «አራት ናችሁ። አምስተኛውስ? አንድ ደቂቃ ተኩል ቀርቷል።»

ጋሼ መርፌ እየሮጡ ተመለሱ። ዝግባ ብቻውን አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በርቷል።

«ሁሉም ወጡ?»

«ሁሉም ወጡ።»

«እንግዲያው መጨረሻው እኔ ነኝ!»

«አንተ ነህ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ። በል አሁን ተነሥ።»

ዝግባ ለመነሣት ከጀለና መልሶ ተቀመጠ። «እርስዎ ይቅደሙ።»

«እኔ ምን ቤት ነኝ? ተጫዋች ነኝ?»

«ከኔ በኋላ ከወጡማ መጨረሻው እርስዎ ነዎት። ደግሞ ለእርስዎ እንዴት እንደሚጮኹ አሁን ሰማሁ።»

ጋሼ መርፌ በሩን አዩ፤ ሰዓቱን አዩ። ከዝግባ አጠገብም ቁጭ አሉ። «እኔ አልወጣም። ጨዋታው እስኪያልቅ እዚሁ ካልሲ ሳጣምር እውላለሁ። ጨርሶ ያልወጣ ሰው መጨረሻ ወጣ አይባልም።»

ዝግባ ነገሩን በሐሳቡ አገላበጠው። «ይማሉ?»

«በልጆቼ እምላለሁ።»

«እሺ።» ጆሮውን ወደ በሩ አዘነበለ። «ግን ለምን ዝም አሉ?»

«ደክሟቸው ነዋ። ሰው አይደሉ?»

«ትንሽ ቢያርፉ እንደገና አይጮኹም?»

«ልጄ፣ ስለ አምላክ፣ ሃምሳ ሴኮንድ ናት የቀረችው!»

«እስኪያርፉ ነው እንጂ፤ ልወጣ ነው እኮ» አለና ጎንበስ ብሎ የግራ ጫማውን ክር ፈታ።

ያን ጊዜ የአስተዋዋቂው የሻከረ ድምፅ በበሩ ገባ። «አምስተኛ ተጫዋች! በአሰልጣኙ ትእዛዝ፣ በዝግባ ምትክ የሚገባው…»

ዝግባ ቀጥ አለ። በስድስት ዓመት ውስጥ በእሱ ምትክ የሚል ቃል ሰምቶ አያውቅም። ሲነሣ ግንባሩ ከልብስ መስቀያው ተጋጭቶ የሰው ኮት ትከሻው ላይ ወደቀ፤ አላራገፈውም። ያልታሰረ ጫማውን እየጎተተ፣ ወደ ጋሼ መርፌ ዞር ሳይል፣ ደህና ይሁኑ እንኳ ሳይል በሩን አልፎ ወጣ። የግድግዳው ሰዓት ገና አሥር ሴኮንድ ቀርቶት ነበር።