ለዋንጫ የተሳልኩት በሬ

ወንድሜ ቤት፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ፀሐይ ያገረጣው አረንጓዴ ጨርቅ በሚስማር ተንጠልጥሏል። እንግዳ ሲያየው የድሮ ማሊያ ቁራጭ ይመስለዋል። በበሬ ቀንድ ላይ ይታሰር እንደነበር ሲነግሩት ደግሞ ይስቃል። እኔ እስከ ዛሬ አልሳቅሁበትም። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ፍኖተ ሰላም ላይ አስተማሪ ሆኜ ክፍል ሙሉ ተማሪ በአንድ ቃል ጸጥ አሰኛለሁ፤ ያን ጨርቅ ሳይ ግን የዚያ ሰኔ ፍርሃት ይመለስብኛል።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከጅጋ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር። አባቴ ገበሬ ነው። የነበሩት ሁለት በሬዎች ቀዮና ዳልቻ ናቸው። ቀዮ ቁጡ ስለሆነ አልቀርበውም። ዳልቻ ግን ረጋ ያለ ነበር፤ ጨው ከመዳፌ ሲልስ ምላሱ ቆዳዬን ይከረክረኝና እስቃለሁ። አንድ በሬ የጎደለበት ገበሬ የሰው ደጅ ጠንቶ፣ ከሌላው ጋር ተቀናጅቶ ነው የሚያርሰው። ባለ በሬው የራሱን ጨርሶ እስኪደርሰው ድረስ ደግሞ የዘሩ ጊዜ ያልፈዋል። ይህን በእኛ አገር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ እኔም በአሥር ዓመቴ አሳምሬ አውቀው ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል የከተማው ቡድን በረኛ ነበር። ያ ቡድን በአካባቢው ሁሉ የሚታወቅበት ቅጽል ስም ነበረው፤ እንግዳ አክባሪ። ስሙን ያወጡልን ቡሬዎች ናቸው፤ ጅጋ የመጣ ቡድን ሁሉ ጎሉን አግብቶ፣ ጠግቦ ስለሚመለስ። ልምምዱ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው፤ ግቡ የባሕር ዛፍ አጣና፣ መረብ የሚባል ነገር የለውም። የወንድሜ ጓንት የግንበኛ ጓንት ነበር፤ ጣቱ በተቀደደ ቁጥር እናቴ በጆንያ መስፊያ ትሰፋዋለች። ጨዋታ ባለበት ቀን ከደጋፊው ይልቅ ሜዳው ዳር የሚግጡት የገበያ አህዮች ይበዛሉ። ወንድሜ ከልምምድ ሲመለስ የሚሸተኝ የተረገጠ ሣርና የላብ ሽታ አሁንም በአፍንጫዬ አለ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዲት ቀላል ኳስ በሁለት እግሮቹ መሐል አልፋ ገብታበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ገበያ በወጣ ቁጥር ልጆች ከኋላው እየተከተሉ «በሩን ዝጋ!» ይሉታል። አንድ ምሽት ጣሪያችን ላይ ድንጋይ ወርዷል። ወንድሜ ዝምተኛ ነው፤ ሳቅ ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ማታ ማታ ራቱን እንደማይጨርስ አይ ነበር።

በዚያ ዓመት እንዴት እንደሆነ ማንም ሳይገባው ቡድኑ ለዋንጫ ደረሰ። ሁለቱን ጨዋታ እጣ በሚመስል እድል፣ አንዱን ደግሞ ተጋጣሚው በጎርፍ ምክንያት ሳይመጣ በመቅረቱ አለፈ። የመጨረሻው ግጥሚያ ከቡሬ ጋር፣ ፍኖተ ሰላም ሜዳ፣ በግንቦት የመጨረሻ እሑድ ሆነ። ከግጥሚያው በፊት በነበረው ሐሙስ በሬዎቹን ወንዝ ስናጠጣ ይበልጣል ፊቱን ወደ ውኃው አድርጎ ተናገረ።

«ይችን ከተሸነፍን መተማ እወርዳለሁ። ሰው ፊት መቆም ታክቶኛል። ለአባባ ትንፍሽ እንዳትይ።»

መተማ ማለት ለእኔ የሰሊጥ አጨዳ አልነበረም። መተማ ማለት የጎረቤታችን የእማማ ጥሩነሽ ልጅ ነው። ለአጨዳ ብሎ ወርዶ ወባ ያዘው፤ የተመለሰው ብርድ ልብሱና የላስቲክ ጫማው ብቻ ነበር። እናትየው ጫማውን ታቅፋ ስታለቅስ አይቻለሁ። ሦስት ሌሊት የወንድሜ ጫማ በሕልሜ መጣ።

እሑድ ዕለት ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር በጭነት መኪና ተጭነን ፍኖተ ሰላም ሄድን። እንዲያ ያለ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። ቡሬዎች ከበሮ ይዘው መጥተዋል። እኛ በጣት የምንቆጠር ነን፤ ጮኸን ድምፃችን ለራሳችንም አልሰማ አለን። በሃምሳኛው ደቂቃ ገደማ ይሁን እንጃ፣ አንድ የእኛ ልጅ የመታት ኳስ ተከላካይ ጨርፋ ገባች። ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ዳኛው ፊሽካ ነፋና ጣቱን ወደ ወንድሜ ግብ ቀሰረ፤ ፍጹም ቅጣት ምት።

የቡሬው ልጅ ኳሷን ሲያስተካክል፣ ወንድሜ በዚያ ተሰፍቶ በተጠገነ ጓንት እጁን ሲዘረጋ፣ እኔ ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ድርድር ገባሁ። መጀመሪያ ጧፍ አልኩት። አነሰ። ጃንጥላ አልኩት፤ ጃንጥላ ከየት እንደማመጣ አላውቅም። ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ስለት የሚሰማው ከሚሳሱለት ነገር ሲሳሉ ነው ስትል ሰምቼ ነበር። የምሳሳለት ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩና «ወንድሜን አታስወስድብኝ፤ ይችን ኳስ አስይዘው፤ ዳልቻን እሰጥሃለሁ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሜዳው ጸጥ አለ፤ ከዚያ ከእኛ በኩል ጩኸት ተነሣ። ዓይኔን ስገልጥ ወንድሜ ኳሷን በደረቱ ታቅፎ መሬት ላይ ተጋድሟል።

ሁሉም ዘለለ። እኔ ቁጭ አልኩ። አንዷ የክፍሌ ልጅ በደስታ የደነዘዝኩ መስሏት አቅፋ ሳመችኝ። እኔ የማስበው የሰኔ እርሻ ሊጀመር ሁለት ሳምንት እንደቀረውና የአባቴን በሬ እንደሰጠሁበት ነው።

ዋንጫው የእኛ ሆነ፤ ጅጋም ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ከተማ ሆነች። «በሩን ዝጋ» ይሉ የነበሩት ልጆች ወንድሜን ከኋላ ሆነው ጓንቱን እንያዝልህ ይሉት ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ ጋሼ ደምሌ የቡድኑን ፎቶግራፍ ከመስተዋቱ በላይ ሰቀለ፤ ልብስ ሰፊዎች የቡድኑ ቀለም ከሆነው አረንጓዴ ጨርቅ ሌላ አንሰፋም አሉ። ያን ቀን ሜዳ የነበርነው አንድ መኪና ሰው ነን፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ከተማው በሙሉ እዚያ ነበርኩ አለ። ጣሪያችን ላይ ድንጋይ የወረወረው ሰውዬም ነበርኩ ብሏል። እንግዳ አክባሪ የሚለው ስም የስድብ ስም መሆኑ ቀርቶ በማሊያ ላይ ተጻፈ። እናቴ ለመጣ ሰው ሁሉ ጠላ እየቀዳች በደስታ ታለቅሳለች። በዚያ ሁሉ ደስታ መሐል የምፈራው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስለቱን በልቶ የቀረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ዳልቻ ሲያነክስ አየሁና ቅጣቱ ጀመረ አልኩ፤ ለካ እሾህ ወግቶት ነበር። በረዶ ሲወርድ ለእኔ የወረደ መሰለኝ። ሰኔ በገባ በሳምንቱ ደግሞ ይበልጣል ዝናብ መትቶት አተኮሰው። ግንባሩን ስነካው እሳት ነው። በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ገባኝ፤ ሚካኤል የሰጠኝን ኳስ ሳይሆን ወንድሜን ሊወስድ ነው። ለአባቴ ልንገር ብዬ ሁለት ጊዜ ጎኑ ቆምኩ። ሁለት ጊዜም ሳልነግረው ተመለስኩ። እሱ ቀንበሩን እየጠገነ ነበር።

የሰኔ ሚካኤል ንግሥ ዕለት፣ ጎህ ሲቀድ፣ አባቴ ሳይነሣ የዳልቻን ገመድ ፈትቼ ወጣሁ። ዳልቻ ያለ አንዳች ማንገራገር ተከተለኝ። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ቆሞ እጄን ላሰኝ፤ ጨው ፈልጎ ነው። ያን ጊዜ ብቻ ነው ያለቀስኩት።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስደርስ ስለት አስገቢው ተሰልፏል። እኔ ከነበሬዬ መጨረሻ ላይ ቆምኩ። ከፊቴ ጋሼ ደምሌ ጃንጥላ ይዟል። ስለት የሚቀበሉት ቄስ ለምን እንደተሳለ ሲጠይቁት አንገቱን ሰበር አድርጎ «ለዋንጫው ነው አባቴ» አለ። ከእሱ ፊት ምንጣፍ የተሸከመችው ሴትዮም የተሳለችው ለዋንጫው ነበር። ቄሱ የእኔ ተራ ሲደርስ ቀና ብለው በሬውን፣ ዝቅ ብለው እኔን አዩ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ? በሬውስ የማን ነው?»

«የሚካኤል ነው» አልኩ።

አፌ ሳይዘጋ ከበሩ በኩል ጫጫታ ተሰማ። አባቴ በሬው ተሰርቋል ብሎ ጎረቤት ቀስቅሶ፣ ዱላ የያዘ ሰው አስከትሎ፣ በእርጥቡ መሬት ላይ ኮቴውን ተከትሎ መጥቷል። ከኮቴው ጎን የልጅ እግር እያዩ ግራ ገብቷቸው እንደነበር በኋላ ነው የነገሩን። ይበልጣልም ከነትኩሳቱ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ከኋላ ቆሟል። አባቴ እኔንና ገመዱን ሲያይ ዱላው ከእጁ ዝቅ አለ። ቄሱ ሲጠይቁኝ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ኳሷንም፣ መተማንም። ወንድሜ መተማ ሊወርድ ማሰቡን አባቴ የሰማው ያኔ ነው።

ቄሱ ሩኅሩኅ ሰው ነበሩ። ሕፃን ናትና በጧፍ ይለወጥላት አሉ። አባቴ ግን ወደ ይበልጣል ዞሮ በትኩሳት የቀላ ዓይኑን አየ። ከዚያ ገመዱን ከእጄ ወስዶ ለቄሱ ዘረጋላቸው።

«ቃል ወጥቷል፣ አባቴ። በልጄ ነፍስ ላይ ከሚካኤል ጋር አልከራከርም። ይውሰዱት።»

አባቴ ሲፈራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ከዱላው ይልቅ ፍርሃቱ ነው ያስደነገጠኝ።

ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሳይበተን የስለት ዕቃ ለጨረታ ይቀርባል። ዳልቻ ሲወጣ መጀመሪያ የተጫረተው ከቡሬ የመጣ የሥጋ ቤት ባለቤት ነበር። ሥጋ ቤት የሚለውን ስሰማ ለንግሡ በመጣችው በእናቴ ነጠላ ውስጥ ተደበቅሁ። ቀጥሎ የሰማሁት የጋሼ ደምሌን ድምፅ ነው። ይህ በሬ እኮ ኳስ የያዘ በሬ ነው፣ ለቡሬ ቢላዋ አንሰጥም አለ። ሰው ሳቀ፤ ከዚያ እጅ ወደ ኪስ፣ እጅ ወደ መቀነት ሄደ። አንዱ ባርኔጣውን ገልብጦ ዞረ። የቡሬው ሰው ሲጫረት እነሱ ሲጨምሩ ቆዩና በመጨረሻ ሰውዬው እጁን ከጨረታው አነሣ።

«ዋንጫውንም ወሰዳችሁ፣ በሬውንም ውሰዱ እንግዲህ» ብሎ ተቀመጠ።

የቡድኑ አሠልጣኝ መምህር ስንሻው ገመዱን ይዞ መጥቶ ለአባቴ ሰጠው። «በሬው የደጋፊው ነው። እርስዎ እያረሱ ይቀልቡልን» አለ። አባቴ ገመዱን በእጁ ጠቅልሎ ዳልቻን ወደ ቤት መራው።

ዳልቻ በማግስቱ ከቀዮ ጋር ተጠምዶ አረሰ፤ ጨዋታ ባለበት ቀን ግን ቀንዱ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ታስሮ በከተማው መሐል ሜዳ ይወርድ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቡድናችን የተጫወተውን ሁሉ ተሸነፈ፤ ቡሬ አራት አገባብን። ደጋፊው ግን አልተበተነም። ተናድዶ የሚቀር ሰው ይኖራል፤ ግን እንዴት ይቀራል፣ ሜዳው ላይ በሬ አለው። ዳልቻ አርጅቶ ሲሞት ወይፈን ገዙ፤ ያም ሲያረጅ ሌላ። ዋንጫ ግን ዳግመኛ አላገኘንም።

ይበልጣል መተማ አልሄደም። ትኩሳቱም ስለቱ በገባ በሦስተኛው ቀን ለቀቀው። እኔን ግን አንድ ሳምንት አላናገረኝም፤ ሲያናግረኝም የጠየቀኝ፣ «ኳሷን የያዝኳት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» የሚል ነበር። ጥያቄው ስንት ዓመት ከነከነኝ። ባለፈው ጥቅምት ነው እሱ ራሱ የመለሰልኝ። ከጨርቁ ሥር ተቀምጠን ሳለ፣ «እኔም እኮ ያን ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ እጄ ላይ ስትመጣ ነው ያወቅኋት» አለኝ። ለካ እሱም እንደ እኔ ፈርቶ ኖሯል። አሁን ግቢው ውስጥ የሰፈር ልጆችን ያሠለጥናል፤ ከአፉ የማይጠፋው ዓይናችሁን ግለጡ የሚለው ነው።

ግቢው ውስጥ የሚያሠለጥነው ሜዳውን ሣር ስለዋጠው ነው። በጸጥታው ችግር መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ውድድር ከቀረ ቆይቷል፤ ከፍኖተ ሰላም ጅጋ ድረስ ወንድሜን ለማየት ስነሣ እንኳ ሰው ጠይቄ፣ ደውዬ፣ አጣርቼ ነው። ያኔ ምን እንደምፈራ አውቅ ነበር፤ ለማን ምን እንደምሰጥም አውቅ ነበር። ዛሬ የበኩር ልጄ ከትምህርት ቤት ሲዘገይብኝ በር ላይ እቆምና ሳላስበው ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሚካኤል፣ ልጄን አታስወስድብኝ እላለሁ። ከዚያ የሚቀጥለው ቃል ይጠፋኛል። በሬ የለኝም።