የትርንጎ ጆሮ

ባለፈው ሳምንት አንድ ባጃጅ ከጥገና ቤቴ ደጃፍ ላይ ንቅንቅ አልልም ብሎ ቆመና፣ ሹፌሩ ደጋግሞ ሊያስነሳው ሲታገል ያልተቃጠለ የቤንዚን ሽታ ቤቱን ሞላው። ሠራተኞቼ አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ፤ እኔ ግን ከበርጩማዬ አልተነሳሁም። ያ ሽታ ለሌላው ሰው ራስ ምታት ነው፤ ለእኔ የአባቴ ግቢ ነው፣ የታናሽ እህቴ የትርንጎ እጅ ነው፣ እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ቅናት ነው። ሰው ልጅነቱን ሲያስብ ናፍቆት ይቀድመዋል ይባላል። እኔን የሚቀድመኝ ያ የድሮው ቅናት ነው።

አባታችን በሰቆጣና በዙሪያዋ ያሉ የእህል ወፍጮዎችን ሞተር የሚጠግን ሰው ነበር። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም፤ መሣሪያውን በአህያ ጭኖ ደሃና ወረዳ ድረስ እየሄደ፣ እየፈታና እየገጠመ፣ አንዳንዴም የተረፈውን ብሎን በኪሱ ደብቆ እየተመለሰ የለመደው ነው። አገር የለቀቀ አንድ ባለ ወፍጮ አሮጌ ቮልስ መኪናውን ትቶለት ሄደ። ስትመጣ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ትጥልበት ነበር፤ ዶሮዋን ቦታዬን አልለቅም ከሚል ልማዷ ለማስተው ሁለት ወር ፈጅቶብናል። ቀለሟ ሰማያዊ ነው እየተባለ ይወራ ነበር እንጂ ከዱቄቱና ከአቧራው በታች ምን እንዳለ በዓይኑ ያየ አልነበረም።

አባታችን ወንድ ልጅ ስላልነበረው ግሪሱ ለእኛ ለሁለታችን ደረሰን። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ትርንጎ አሥራ ስድስት። እኔ ከክፍሌ አንደኛ እወጣ ስለነበር የሞተር መጽሐፍ የማነበው እኔ ነበርኩ። እሷ ማንበብ አይሆንላትም፤ ጉንጯን ሞተሩ ክዳን ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥና «ሦስተኛው አሞታል» ትላለች፤ አባታችን ሦስተኛውን ካንዴላ ሲነቅለው ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። እኔ ከመጽሐፉ አሥር ገጽ አገላብጬ የማልደርስበትን እሷ ሻይ እስኪፈላ ትጨርሰዋለች። ይህን እያዩ አለመቅናት የሚቻላቸው ሰዎች ካሉ፣ እኔ ከእነሱ አይደለሁም።

ይባስ ብሎ ሞተር ላይ ሲሆኑ በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛ ነበር የሚያወሩት። ሳቃቸውም ቁጣቸውም በኽምጥኛ ነው። ወደ እኔ ሲዞር ግን አባቴ አማርኛውን አስተካክሎ፣ ከወረዳ እንደመጣ እንግዳ ያናግረኛል። የተማረች ልጁን ማክበሩ ነበር፤ እኔ ግን ከቤት የወጣሁ ያህል ይሰማኝ ነበር።

በዚያ ዓመት የትናንሽ መኪና አፍቃሪዎች በራያ ቆላ ሜዳ ላይ አማተር ራሊ አዘጋጅተዋል የሚል ወሬ መጣ። አባቴ ካልሄድኩ ብሎ ምግብ አስጠላው። ቮልሷ በእኛ ደጋ ላይ ጥቁር ጭስ እያስታወከች ዳገት ትለምን ስለነበር፣ ትርንጎ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለውን ካርቡራተሩን ፈታችና ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሿን የነሐስ ቀዳዳ በእርሳስ ብየዳ ደፍና፣ በመርፌ መልሳ በጠባቡ በሳቻት። አስነስታ ታዳምጣለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትደፍናለች፣ እንደገና ትበሳለች። በአምስተኛው ቀን ጭሱ ጠፍቶ መኪናዋ ዳገቱን እንደ ፍየል መውጣት ጀመረች፤ ሰፈሩ እልል አለ።

በውድድሩ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ የመንገዱን ወረቀት የሚያነብ ሰው ያስፈልግ ነበር። በቤታችን አንባቢዋ እኔ ነኝ፤ ወንበሩም የእኔ ነው ብዬ ነጠላዬን ሳይቀር አጥቤ ተዘጋጅቼ ነበር። አባቴ ግን ራት ላይ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሞተሯን ያዳመጠች ትቀመጥ» አለ። ትርንጎ በደስታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም አቀፍኳት፤ እንደ ሞተር ብታዳምጠኝ ኖሮ ጥርሴ ሲፋጭ ትሰማ ነበር።

ከመሄዳችን ሁለት ቀን ሲቀረው ከደሴ እህል የሚያመላልስ ጋሽ ይመር የሚባል ሹፌር ወደ ግቢያችን ጎራ አለ። አባቴ ወፍጮ ቤት ነበር፣ ትርንጎ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። መኪናዋን ዞሮ አያትና የቀዳዳዋን ነገር ስነግረው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

«እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው በጥቂት ቤንዚን የተደሰተችው» አለኝ። «ቆላ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል። ቀዳዳዋን ካላሰፋችሁላት ሞተሯ ይቃጠላል። ለአባትሽ ንገሪው፣ እንዳትረሺ።»

አልረሳሁም። ቃል በቃል አስታውሼ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከእነሱ ጋር እየበላሁና እየጠጣሁ ዝም አልኩ። የተመኘሁት ትርንጎ አንዴ ብቻ፣ በጥቂቱ እንድትሳሳት ነበር፤ መኪናዋ ትንሽ አስላ ትቆምና አባቴ እኔን ይጠራኛል ብዬ። አባቴ ዕድሜውን በደጋ የኖረ የወፍጮ ሰው ነው፤ የአየሩን ነገር ከየት ይወቀው?

እኔ በኋላ ወንበር፣ በዶሮዋ ቦታ፣ ታጭቄ ወረድን። መንገዱ ቁልቁለት ስለነበር ሞተሯ ብዙም ሳትደክም ራያ ደረሰች። መነሻው ላይ እኔ ወረድኩ፣ እነሱ ሄዱ። የመጀመሪያውን ዙር በማሽላው ማሳ መካከል አቧራዋን እየጎተተች ቀድማ ስትመጣ ትርንጎ በመስኮት እጇን አውለበለበችልኝ። በሁለተኛው ዙር በዚህ በደንቆሮ ጆሮዬ እንኳ ሰማሁት፤ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚንቀጫቀጭ ያለ ድምፅ ነበር። ከዚያ ነጭ ጭስ ወጣ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሞተሩ ውስጥ የሚመላለሰው ፒስተን በሙቀት ተበስቶ ነበር።

ሮጬ ደረስኩ፤ ሰው ከቦን ቆሟል። አባቴ እጁን እየጠረገ ሞተር ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ትርንጎን በአማርኛ ተናገራት።

«ጆሮሽን አምኜ ተዋረድኩ። ከእንግዲህ ሞተር እንዳትነኪ።»

እህቴ እንዳማልዳት የፈለገች ትመስል ወደ እኔ ዞረች። እኔ ማሽላውን አየሁ።

ትርንጎ ከዚያ ወዲህ ካቻቢቴ አልያዘችም። ሞተር ሲነሳ ከግቢ ትወጣ ነበር። ሃያ ዓመት ሲሞላት እንደ እኩዮቿ ዓረብ አገር ሄደች፤ እስከ ዛሬ የሰው ቤት ታጸዳለች። አባቴ ሙያውን ለእኔ አወረሰኝ፣ እስኪሞት ድረስ ግን ያናገረኝ በዚያው በተስተካከለ አማርኛው ነው። የፈለግኩትን ወንበር አገኘሁ ማለት ነው። ዋግ ኽምራ ውስጥ እንደዚያ ያለ ጆሮ ዳግም አልገጠመኝም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

የዚያን ባጃጅ ሽታ ያሸተትኩ ሰሞን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትርንጎ ስትደውልልኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጋሽ ይመርን፣ አየሩን፣ ሁለቱን ቀን። ልትረግመኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቻለሁ፣ ብትረግመኝም ይገባኝ ነበር።

«እታለም» አለች፣ «ታዲያ ምን ያህል ማስፋት ነበረብኝ?»

ሦስት ሠራተኛ የማስተዳድር ባለ ጥገና ቤት ነኝ። «አላውቅም» አልኳት።

«ቆይ እስቲ» አለችና ከመንገዱ ከፍታና ከሞተሩ ድምፅ ተነስታ፣ ያን ሁሉ ዓመት ስታብሰለስለው እንደኖረች ሰው፣ ለብቻዋ ማስላት ጀመረች። እኔም ስልኩን ይዤ፣ እያዳመጥኳት፣ እንደገና ቀናሁባት።