እንጦጦ የሚወጣው ነጥብ

ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እናቴ ከሞተች ስለቆየች የእኔ ፈሪነት ለአባቴ ተረፈ። ሲያስነጥስ እደነግጣለሁ። ከመኝታው ዘግይቶ ከተነሳ በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሹን አዳምጣለሁ፤ እሱም ዓይኑን ሳይገልጥ «አልሞትኩም፣ ሂጂ ሥራሽ» ይለኛል። ቤታችን ፈረንሳይ ሰፈር ነው፣ አስፋልቱ አልቆ ዳገቱ የሚጀምርበት ጋ። ሳሎናችን ውስጥ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ላዩ ላይ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ የሚያንቀጫቅጭ አሮጌ ፍሪጅ አለ። እንሽጠው ብል አባቴ እንቢ አለ፤ ከምሳ በኋላ ያለ እሱ ድምፅ እንቅልፍ አይወስደውም።

ደመወዝ የሚከፈለኝም ለመፍራት ነው። መገናኛ አንድ ሕንፃ ላይ የስልክ ስርዓተ ክወና የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ እኔ የእነሱን ሥራ እፈትሻለሁ። በተለይ ከርነል የሚባለውን። ስልኩን እንደ ቤት ካሰብነው ቪዲዮውም ጨዋታውም ሳሎን የተቀመጠ እንግዳ ነው፣ ከርነሉ ግን ጓዳ ያለችው ሴት ናት። ማንም አያያትም፤ እሷ ከተኛች ሳሎን ያለው ሁሉ ጦሙን ያድራል። የእኔ ድርሻ ኔትወርኩ ነው። ስልኩ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ፣ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ሲሻገር መልእክቱን ይዞ ይሻገራል ወይስ መንገድ ላይ ይጥላል? ሊጥል የሚችልበትን ሁሉ ቀድሜ መፍራት አለብኝ።

አንድ ብልሽት ግን አስቸገረን። አልፎ አልፎ አንዱ ስልክ ድንገት ዝም ይላል። ስክሪኑ ላይ ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ከውስጡ ግን አንዲት ቃል አትወጣም። ስልኮቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ዋይፋዩን ብናጠፋ ብናበራ፣ አሳንሰር ውስጥ ይዘናቸው ብንወርድ ብንወጣ፣ ብልሽቱ አልታይ አለ። እንግዳ ፊት ጨዋ የሚሆን ልጅ ዓይነት ነው። አለቃችን ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፣ ንግግሩም ግማሹ እንግሊዝኛ ነው።

«ፊልድ ቴስት ነው የሚያስፈልገን። ሲግናል እየመጣ እየሄደ በሚያስቸግርበት ቦታ በየቀኑ የሚሄድ ሰው ያለው አለ?» አለ።

እጄን አወጣሁ።

አባቴ በየማለዳው ከቤታችን በላይ ባለው የባሕር ዛፍ ጫካ አድርጎ እንጦጦ ጸበል ይወጣል። ሐኪሙ ልብህ ደክሟል፣ ዳገት ይቅርብህ ብሎታል። «እዚያ ዳገት ላይ ነው ያደግኩት፤ እግሬ ያውቀዋል» ብሎ መለሰለት። ስለዚህ ከራሱ ትንሿ ስልክ ሌላ አንዱን የቢሮ ስልክ ሰጠሁት። ስልኩ በየደቂቃው ያለበትን ቦታ ወደ ቢሮ ይልካል፤ እኔ ጋ ካርታ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ይታየኛል። ለሥራ ነው አልኩት። ለሥራም ነበር።

«እንዳትነካው ብቻ። ቢጠራም አታንሳ፣ አጥፍተህም አታብራው። ከተነካ ማስረጃው ይጠፋብናል።»

አባቴ ሞኝ አይደለም። ስልኩን አገላብጦ አየውና፣ «በዚህ እያየሽኝ አትፈሪም ማለት ነው?» አለ።

«አልፈራም።»

«እንግዲያው እይዘዋለሁ» አለና ከኮቱ ኪስ ከተተው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ቢሮ ገብቼ ነጥቡ ሲወጣ አያለሁ። ሸለቆው ጋ ዘግየት ይላል፣ ይሻገራል፣ ዳገቱን ይይዛል፣ ጸበሉ ጋ ይደርሳል። ያኔ ሻይ አዛለሁ። እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ተረጋግቼ አላውቅም።

አንድ ጠዋት ነጥቡ ሸለቆው ውስጥ ቆመ። አረንጓዴው ወደ ግራጫ ተለወጠ። አለቃችን ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበ።

«ተያዘ! በቃ ተያዘ! ማንም ሪስታርት እንዳያደርገው፣ ፕሊስ!»

እኔ በትንሿ ስልኩ ሞከርኩ፤ ዝግ ናት። ወደ ሰጠሁት ስልክ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ድምፅ የሚሄደው በሌላ በር ስለሆነ የከርነሉ መንገድ ቢዘጋም ስልኩ ይጠራል፤ አታንሳ ያልኩትም እኔው ነኝ። ስለዚህ መጥራቱም አለመነሳቱም ምንም አልነገረኝም። ስልኩ ነው የቆመው ወይስ አባቴ? ብልሽት እንዳይኖር ስፈራ የኖርኩ ሰው ያን ቀን ደረጃውን እየወረድኩ፣ «አምላኬ፣ ስልኩ ይሁን፣ ስልኩ ይሁን» እያልኩ ብልሽት ለመንኩ።

ሚኒባሱ ሲግናል የሚባለው ሰፈር ጋ ሲደርስ መኪና ተጨናንቆ ቆመ። ቀበና ወርጄ ሌላ ያዝኩ። ረዳቱ «ፈረንሳይ፣ የሞላ!» እያለ ባዶ ወንበር ሲቆጥር ልመታው ምንም አልቀረኝም። ከወረድኩ በኋላ ቤታችንን እንኳን ሳላይ ዳገቱን ሮጥኩ። ጫካው ጭር ብሏል። በስልኬ ካርታውን እያየሁ፣ መልሼ እየደወልኩ፣ የእሱ ስልክ ሲጮህ እሰማ እንደሆን ቆም እያልኩ ወጣሁ። ካርታው ያሳየኝ ቦታ ስደርስ ከሸለቆው ውሃ በቀር የሚሰማ የለም። ወደ ገደሉ አጎንብሼ «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። ማንም አልመለሰልኝም። ቁልቁል እያየሁ ነጭ ነገር ሁሉ፣ ድንጋዩም የተጣለው ፌስታልም፣ የእሱ ጋቢ መሰለኝ።

ሽቅብ ቀጠልኩ። ጸበሉ በር ስደርስ ስልኩ ሲጠራ ሰማሁ። የሚጠራው ከጧፍ ሻጯ ቅርጫት ውስጥ ነው። ሴትየዋ ጎረቤታችን ናት፤ በየማለዳው ጧፏን ይዛ እዚህ ትወጣለች፣ ከአባቴ ጋርም ኦሮምኛ የሚጫወቱ ወዳጆች ናቸው። ስታየኝ ብድግ አለች።

«አባቴስ?»

«ዛሬማ አልወጡም» አለች፤ ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። «ከታች ደከመኝ ብለው ተቀመጡ። ልጄ እንዳትደነግጥ ይዘሽልኝ ውጪ ብለው ሰጡኝ። ሲጠራ ላነሳው ነበር፤ እንዳይነካ ብለሻቸዋል አሉኝ።»

ስልኩን ተቀበልኳት። ስክሪኑ ላይ ኔትወርኩ ሙሉ ነው፤ ወደ ቢሮ የሚሄደው መልእክት ግን ከሸለቆው ወዲህ አንዱም አልሄደም። የለመንኩት ሆኖልኛል፤ የቆመው ስልኩ ነው። አባቴ ግን የት እንዳለ ነጥቡ ቀድሞም አያውቅም ነበር። አብረን ቁልቁል ሮጥን።

ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ የባሕር ዛፍ ጉቶ ተደግፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ አመድ መስሏል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ቅድም በዚያው በኩል አልፌያለሁ። ነጥቡን እየፈለግኩ ሰውየውን አልፌው ሄጃለሁ።

«አየሁሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ብጠራሽ ድምፄ አልደረሰም።»

አለቀስኩ፤ ተቆጣሁም። «ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ያደረግከው? ስንት ቀን ነው እሷ ይዛው የወጣችው?»

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው፣ «ሥራ አልገባሽም እንዴ ዛሬ?» ብሎ መለሰልኝ። ጧፍ ሻጯን አየኋት። እሷም መሬት መሬት ታያለች። ያ ሁሉ ሻይ ያዘዝኩበት ጠዋት በፊቴ አለፈ። የትኛው ቀን እሱ እንደወጣ፣ የትኛው ቀን ቅርጫቱ እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ደግፈን አውርደነው ሐኪም ቤት ወሰድነው። መድኃኒቱ ተጨመረለት፤ ዳገቱ ፈጽሞ ተከለከለ። ስልኩን ሳላጠፋው ለቢሮ ሰጠሁ። ልጆቹ ሲያዩት ከርነሉ ማማ ሲቀይር የሞተውን የድሮ መንገድ ይዞ ቀርቶ ኖሯል፤ አስተካከሉት። አለቃችን መስተካከሉን በዚያው ዳገት ማረጋገጥ ፈለገ። አባቴን ተወው አልኩት።

አባቴ ግን ራሱ ጠየቀኝ። «ያን የቢሮ ስልክ አምጪ። አሁን ድኛለሁ፣ ቀስ እያልኩ እወጣለሁ። ቆመሽ ትንፋሼን ከምትሰልይ ነጥቡን ብታዪ ይሻላል።» እንቢ ብል የባሰ ደከመኝ ብሎ እንዳያስብ ፈራሁና አመጣሁለት።

በማግስቱ ነጥቡ ከቤታችን ተነሳ። ሸለቆው ጋ ደረሰ፣ ሳይቆም ተሻገረ፣ አረንጓዴ እንደሆነ ዳገቱን ያዘ። ከኋላዬ ልጆቹ ጮኹ፤ አለቃችን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ ስልኬን ይዤ ወደ ደረጃው ወጣሁና የቢሮውን ስልክ ትቼ በድሮው ቁጥሩ፣ በትንሿ ስልኩ ደወልኩለት። ወዲያው አነሳ።

«የት ደረስክ አባዬ?»

«እየወጣሁ ነዋ፤ ዳገቱ ላይ ነኝ» አለ። ድምፁ ምንም አያለከልክም። ከጀርባው ነፋስ የለም፣ ወፍ የለም። ከዚያ የፍሪጁ ሞተር ተነሳና ጠርሙሶቹ ተንቀጫቀጩ። እሱም ሳይሰማው አልቀረም።

«እሺ አባዬ» አልኩት። «ቀስ ብለህ ውጣ።»